ጥንቸሉና የቅዳሜው መርዶ

ልጄ እንግሊዝኛዬን ባታርም ኖሮ የጥንቸሉን ተረት አልሰማም ነበር። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ። በዚሁ እንግሊዝኛዬ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሕፃን በአንድ ቃል ቦታ ቦታው አስቀምጣለሁ። ቀይ መብራቴን ጥሶ ያለፈ ባለመኪና ላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄጄ መስክሬበታለሁ። እቤቴ ስገባ ግን ልጄ አፌን ከመክፈቴ ታርመኛለች። አንድ ቀን «ማሚ፣ ዩ ኒድ ኤ ክላስ» አለችኝ። እሺ ብዬ በማግስቱ ላይብረሪ ሄጄ ቅዳሜ ጠዋት ለሚሰጠው የአዋቂዎች ትምህርት ተመዘገብኩ። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ልማር ብዬ ሳይሆን በንዴት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ነን። መምህርቷ ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ናት፤ ምንም ብንሳሳት ደስ ይላታል። አጠገቤ የሚቀመጡት ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ የመጡ ጃፓናዊት ሴት ናቸው። ሦስት እርሳስ እቤት ቀርጸው ይመጡና ጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። እኔ እስክሪብቶ መርሳት አመሌ ነው፤ አንዷን እርሳስ ሳልጠይቃቸው ወደ እኔ ገፋ ያደርጓታል። በእንግሊዝኛ ከእሳቸው ጋር እኩል ነው የማወራው፣ በልቤ ግን አንቱ ነው የምላቸው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ መምህርቷ «ከየአገራችሁ አንድ አንድ የእንስሳት ተረት ንገሩን» አለች። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ሰውዬ ስለ ኤሊ ተናገረ። እኔ ስለ ጅብና ስለ አህያ አንድ ነገር ቀባጠርኩ፤ በመጨረሻ ጅቡ አህያዋን መብላቱ መምህርቷን አሳዘናት። ከዚያ የጃፓናዊቷ ተራ ደረሰ። ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡንና፣ በረዶ ጣሪያ ድረስ በሚከመርበት አገር ሴት አያታቸው የነገሯቸው ተረት ነው አሉ።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንዲት የዱር ዝይ ከባሏና ከመንጋዋ ጋር፣ ብርድ ሳይጠና ወደ ሞቃት አገር ስትጓዝ አንድ ሐይቅ ዳር ታርፋለች። እዚያ የሚኖር ቡናማ ጥንቸል ወዳጃቸው ነው። አንድ ቀን ባልየው እህል ሊለቅም ማሳ እንደወረደ አዳኝ ገደለው። ጥንቸሉ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አየ። ዝይዋ በዚያ ሰሞን ክንፏ ተጎድቶ ነበርና፣ ደንግጣ መብላት ካቆመች እንደማትድን ጥንቸሉ ያውቃል። ስለዚህ «ባሌስ?» ስትለው «ነፋስ አዘግይቶት ነው፣ ነገ ይመጣል» አላት። በማግስቱም «ነገ» አላት። ክንፏ ዳነ። ከዳነ በኋላ ግን ጥንቸሉ አንድ ቀን ጨምሮ «ነገ» አላት፤ ከነገራት ጥላው ትሄዳለች፣ ክረምቱን ብቻውን መግፋት ደግሞ ፈራ። በዚያች በአንዷ ቀን መንጋው ተነሥቶ ሄደ፣ ሐይቁም በረዶ ሆነ።

ዝይዋ እውነቱን ከቁራ ሰማች። «ስትስቅብኝ ነበር» ብላ ጥንቸሉን ፊት ነሳችው። ጥንቸሉ አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ ሳታየው በረዶውን እየቆፈረ ሣር ያወጣል፣ አጠገቧ አስቀምጦ ይሸሻል። ዝይዋ ሣሩን ነፋስ ያመጣላት ይመስላታል። በረዶው ሲቀልጥ ዞር ብላ ሳታይ በረረች። ጥንቸሉ ሲቆፍር በከረመበት ቦታ ቆሞ አያት፤ ፀጉሩ እንደ በረዶው ነጥቶ ነበር። «የእኛ አገር ጥንቸል ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነጣው ለዚህ ነው» አሉና ዳግመኛ እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

ሁሉም አጨበጨበ። መምህርቷ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«ጥንቸሉ ለምን አይናገርም?» አልኩ፣ እጄን እንኳ ሳላወጣ።

«ምን ብሎ?» አሉኝ ጃፓናዊቷ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ! ክረምቱን ሙሉ በረዶ ከመቆፈር አንድ ቃል መናገር አይቀልም?»

እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አይቀልም» አሉኝ።

የኤል ሳልቫዶሩ ሰውዬ ጣልቃ ገባ። «ጥንቸሉ ጥሩ ነው እኮ፤ አብልቷታል» አለ።

«ጥሩ አይደለም» አልኩት። «ሣሩን የሚያመጣው ለእሷ ብሎ አይደለም። ለራሱ ብሎ ነው።»

መምህርቷ «እንዴት ያለ ስሜት!» ብላ አደነቀችኝ። ጃፓናዊቷ ግን አላደነቁኝም። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ዝይዋን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

ትምህርቱ ሳያልቅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እርሳሳቸው በእጄ እንዳለ ያወቅኩት መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ዝይዋን አውቃታለሁ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው።

ከእሷ ጋር ደሴ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። የኔ እናት ቀን ቀን ሥራ ትውል ስለነበር ምሳዬን የምበላው እነሱ ቤት ነው፤ ስታመም ያስታመሙኝ፣ ስባልግም የገረፉኝ የእሷ እናት ናቸው። እማማ ነበር የምላቸው። በአንድ ዓመት ልዩነት አሜሪካ መጣን፤ እኔ ሜሪላንድ ቀረሁ፣ እሷ ቨርጂኒያ ገባች። መካከላችን ወንዝና ድልድይ ቢኖርም በቀን ሁለቴ ሳንደዋወል አንውልም። ልጄ ስትወለድ እትብቷን የቆረጠችው እሷ ናት፤ የልጄ አባት ያን ጊዜ የት እንደነበረ እሱ ይወቅ።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ረቡዕ፣ ልጆቹን የምመልስበት ሰዓት እስኪደርስ አውቶቡሴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወንድሟ ከደሴ ደወለልኝ። «እህት ዓለም፣ ብቻሽን ነሽ?» ሲለኝ ገባኝ። እማማ አርፈዋል። ለእሷ ለምን እንዳልደወለ፣ ለእኔም ለምን እንደደወለ ማንም ያገሬ ሰው ያውቃል፤ መርዶ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት ሄዶ፣ ትከሻዋን ይዞ ይነግራታል። ልጄ ይህን ልማድ «ክሬዚ» ትለዋለች። እኔ እስከ ዛሬ እከራከርለታለሁ። ሰው መኪና እየነዳ፣ ወይ ሥራ ቦታ በሽተኛ እያገላበጠ «እናትሽ ሞተች» የሚል ቴክስት ማንበብ የለበትም። ይህን ልማድ ማንም ኋላ ቀር ቢለው ግድ የለኝም።

ወንድሟ እንዲህ አለኝ። «ዓርብ የነርስነት ፈተናዋ ነው፤ ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። እሱን ትጨርስ። ቅዳሜ ጠዋት ሰብሰብ ብላችሁ ንገሯት። ከቅዳሜ ግን እንዳያልፍ።»

እሺ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁና ባዶ ወንበሮቹ መካከል ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሕፃናቱን አሳፈርኩ። ለእማማ ያለቀስኩት ያችኑ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ ነው።

ሐሙስ ደወለችልኝ። «እማዬ ስልክ አታነሳም» አለች። «የእነሱን ኔትዎርክ አታውቂውም እንዴ?» አልኳት። እንደሱ ነው የዋሸኋት፣ ሳልንተባተብ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየጮኸች ደወለች። «ፈተናው ላይ ኮምፒውተሩ ቶሎ ዘጋብኝ፤ ቶሎ የሚዘጋው ላለፈ ሰው ነው ይላሉ! ያለፍኩ መሰለኝ! ለእማዬ መጀመሪያ ልነግራት ብል አሁንም አይነሳም!» አለች። እኔም እልል አልኩላት።

እስከዚህ ድረስ የሠራሁትን ማንም ይጠይቀኝ፣ ዓይኑን እያየሁ እመልስለታለሁ። ወግ ነው፣ አደራ ነው፣ አደረግሁት። የማልመልሰው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጄ የሃይስኩል ምረቃ ድግስ ነበር። አዳራሹን የያዝኩት ከገና በፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ መርዶ ከተነገረ ተጠሪው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሰዎቹ እነዚያው ናቸውና። ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። አባት በሌለበት የወላጆች ስብሰባ፣ አባት በሌለበት ልደት ስቀመጥ የኖርኩ ነኝ። ያቺን አንዲት ቀን ለማንም፣ ለሞት እንኳ፣ አልሰጥም አልኩ። ዓርብ ማታ መርዶውን የሚመሩት ትልቅ ሰው ዘንድ ደወልኩና «ጋሼ፣ ቤተሰቦቿ እሑድ ይሁን ብለዋል» አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኩት። «እኔ እሑድ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አላልኩም። ቤተሰቦቿ ብለዋል አልኩ። ጋሼም «ደግ፣ እንዳሉት» አሉ።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ከእኔ ይልቅ በልጄ የኮራችው እሷ ናት። ጉርሻውን አጎረሰች፣ ፎቶውን አስተካከለች፣ ከዚያ እስክስታውን አስነካችው። እጄን ጎትታ መካከል አስገባችኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ጨፈርን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን። ከተጋባዦቹ አንዷ ቀርጻ ፌስቡክ ላይ ለቀቀችው። ደሴ ሲነጋ ቪዲዮው የእማማ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሰባት ሆነን በሯን አንኳኳን። ከፍታ አየችንና ወደ ኋላ ሸሸች። የነገሯት አብረውን የመጡት ቄስ ናቸው። እኔ ከፍሪጁ ጎን ቆሜ ነበር። ልትጮህ ስትል ጋሼ «ቀስ በይ ልጄ፣ አፓርትመንት ነው፤ ፖሊስ ይጠሩብናል» አሏት፤ አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችላት። በነጠላው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለካ ዝምታዬ እዚያ ነው የጀመረው።

በዚያው ቀን ደሴ ደወለች። ስልኩን ያነሡት አክስቷ ናቸው። «ስትጨፍሪ አይተንሻል» ብለው ዘጉባት። ወንድሟ ቅዳሜ ጠዋት የተነገራት መስሎታል፤ የእናቷን ሞት ሰምታ፣ ቢጫ ለብሳ፣ ወጥታ የጨፈረች። እሷ ደግሞ ከጋሼ እንደሰማችው እሑድ ይነገራት ያለው እሱ መስሏታል፤ እሱ ራሱ ደብቆ አስጨፍሯት መልሶ የሚረግማት። እሱም ኩሩ ነው፣ እሷም ኩሩ ናት። ለአርባ ልትሄድ ቲኬት ይዛ ነበር፣ ተወችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድምና እህት በአንዲት ቀን ምክንያት አልተነጋገሩም፤ ቀኗን የወሰድኳት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔንም «ዓይኔን እያየሽ አስቀሽኝ» ብላ ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳችም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ሣር ቆፈርኩ። ምስር ሠርቼ፣ ጎመን ሠርቼ፣ የእሷ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን በምትሳለም አንዲት ሴት እጅ ላክሁ፤ «የኔ ነው እንዳትዪ» ብዬ። ያቺን ሴት አመሰገነቻት፣ መረቀቻት። አርባውን አሌክሳንድሪያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስታወጣ በጓሮ ገብቼ ከጠዋት ጀምሮ ድስት አጠብኩ። ምግብ በሚሰጥበት መስኮት በኩል ድምፅዋን ሰማሁት። «የእናቴ አርባ ላይ እንኳ አልመጣችም» ትላለች ለሰው። እጄ እስከ ክርኔ ሳሙና ነው። ወጥቼ «አለሁ» ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። ተመቸኝ እንጂ። እሷን በድዬ፣ የተበደልኩት እኔ መሰለኝ፣ በሆዴም ቅዱስ ሆንኩ። ይህን ለራሴ የነገርኩት ያን ቅዳሜ ነው፣ የላይብረሪው መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ የሰው እርሳስ ጨብጬ።

ሽማግሌ ላኪ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ድንጋይ ተሸክመሽ እግሯ ላይ ውደቂ ያለችኝም አለች። አልፈለግሁም። ሽማግሌ ፊት እውነት አይወጣም፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፣ ይታቀፋል፣ ነገሩ እንደተዳፈነ ይቀራል። መዳፈን ሰለቸኝ። ፀጉሬም ቢሆን የሚበቃውን ያህል ነጥቷል።

እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ ወንድሟ ዘንድ ደወልኩ። ደሴ መሽቷል፤ ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ቅዳሜ ንገሯት ብለኸኝ ነበር» አልኩት። «እሑድ ነው የተነገራት። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ የልጄ ድግስ እንዳይበላሽብኝ። ሽማግሌዎቹን ‹ቤተሰቡ ነው ያለው› ብዬ ዋሸኋቸው። እህትህ ስትጨፍር ምንም አታውቅም ነበር።»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

«አታውቅም?» አለ።

«አታውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ…» ብሎ አቋረጠ። «አሁኑኑ ልደውልላት።»

«አንድ ሰዓት ስጠኝ። ከእኔ አፍ ትስማው።»

«አሁንም ቀጠሮ የምትቆርጪልን አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩት። «ለመጨረሻ ጊዜ።»

ሰደበኝ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፣ ሲያንሰኝ ግን ነው። አንድ ሰዓቷን ሰጠኝ።

ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ፣ ቅዳሜ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ድልድዩ ላይ ስደርስ ትራፊኩ ጭራሽ ቆመ። ሰዓቴን አያለሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አንድም ቀን ጥሩምባ ያለ ምክንያት ነፍቼ የማላውቅ ሴት ጥሩምባ እነፋለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ እጁን ሲያወናጭፍብኝ እኔም አወናጨፍኩለት። አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ በሯን አንኳኳሁ።

በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍታ አየችኝ። ከስታለች። የሆስፒታል ዩኒፎርሟ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፈተናውን አልፋ ነርስ እንደሆነች የሰማሁት ከሰው ነው።

«ምን ሆንሽ? ልጅቷ ደህና ናት?» አለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጄ ነው።

«ደህና ናት። እዚሁ ቆሜ ልንገርሽ። ስጨርስ በሩን መዝጋት ያንቺ ፈንታ ነው።»

ነገርኳት። ረቡዕን ነገርኳት፣ ዓርብ ማታ ለጋሼ ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። ወንድሟ ቅዳሜ እንዳለ፣ አሁን እንደደወልኩለት፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚደውልላት ነገርኳት። አላለቀስኩም። አልቅሼ እንድታባብለኝ አልፈለግሁም።

«ለልጅሽ ድግስ?» አለች።

«ለልጄ ድግስ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ» አለች፣ «እኔ ራሴ ሐዘኔን እስከ እሑድ ደብቄ ልጅቷን አጨፍርልሽ ነበር።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ቀጠልኩና «ምስሩንና ጎመኑን የምልከው እኔ ነበርኩ። አርባው ቀንም ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። አመስግኚኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ ከእንግዲህ ከአንቺ የምደብቀው አንድም ነገር ስለማልፈልግ ነው» አልኳት።

«ምስሩ ጨው ይበዛበት ነበር» አለች።

ሰንሰለቱን ፈታችው። ገባሁ። ማናችንም አልተቀመጥንም። ፍሪጁ እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ያን ቀን የቆምኩበትን ቦታ እያየች «አንቺ አልነገርሽኝም» አለች።

«ይኸው አሁን ነገርኩሽ።»

«ይሄን አይደለም የምልሽ። እናቴ መሞቷን። ቄሱ ናቸው የነገሩኝ፤ እናቴን እንኳን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። አንቺ እሷ እጅ ላይ በልተሽ ያደግሽው ከፍሪጁ ጎን ቆመሽ ነበር። አንቺ ንገሪኝ።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መሰለኝ። ስትቀልድ አልነበረም። እጇን ይዤ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እንደ ወጉ ትከሻዋን ያዝኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ አፍ ብዬው የማላውቅ ቃል ነው።

«እማማ አረፉ» አልኳት።

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«ማን ነበር አጠገቧ?»

«ወንድምሽ።»

ጮኸች። ያን ጠዋት በነጠላ የታፈነው ጩኸት ሁሉ ወጣ። «እማዬ! እማዬ!» እያለች ደረቷን ደቃች፤ እኔም አውቶቡሱ ውስጥ የጀመርኩትን ልቅሶ ከዚያው ቀጠልኩት። ይህን ጊዜ ስልኳ ጠራ። ሰዓቱ ደርሷል። አየችው፣ ከፈተችው፣ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንድሟ እህቱ ስታለቅስ ሲሰማ እሱም ከደሴ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሦስታችን አንድ ላይ ለእማማ ያለቀስነው ገና ያን ጊዜ ነው። ማንም ቀስ በሉ ያለን የለም።

በሩ ተንኳኳ። ዓይኔን እንኳ ሳልጠርግ ሄጄ ከፈትኩ። የጎረቤቷ ሰውዬ ነው፣ ስልኩን በእጁ ይዟል። እዚህ አገር በር ሲንኳኳብኝ መጀመሪያ የሚወጣኝ ቃል «ሶሪ» ነው። ያን ቀን አላልኩትም።

«እናቷ ሞተው ነው» አልኩት በእንግሊዝኛዬ። «እናለቅሳለን። ገና ብዙ እናለቅሳለን።»

ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተ። «በጣም አዝናለሁ» አለኝ። «መቼ ነው የሞቱት?»

ዞር ብዬ ሶፋው ላይ አየኋት። ጮክ ብላ ታለቅሳለች።

«ዛሬ» አልኩት፤ በሩን ሳልዘጋ ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።